ፍልስፍናን ያለ ኡስታዝ የተማሩት ኢማም

በዚህ እትም የአንድ ታላቅ ዓሊም ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ወደ እሳቸው ከመግባታችን በፊት ግን የራሳችንን ጉድ እናውራ።

በአንደኛ ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባለውን ኮርስ ሳይወስድ ያለፈ ከመካከላችን የለም። እኛ የኢንጂነሪንግ ልጆች ክፍሉ የገባነው ካልኩሌተር ይዘን ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሜታፊዚክስ፣ ኤፒስቴሞሎጂ፣ አክሲዮሎጂ እያሉ ሲደረድሩ እርስ በርሳችን ተያየን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድማችን እጁን አውጥቶ ለፈተና የፎርሙላ ወረቀት ይሰጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም፤ ልንጠይቅ ያሰብነው እሱኑ ነበርና።

ነገሩ ከሳቅ ያለፈው ዶርም ውስጥ ነው። ፍልስፍና ዲፓርትመንት የደረሰው፣ ጁሙዓ አብሮን የሚሰግድ አንድ ልጅ ከዒሻ በኋላ ጥያቄ አመጣልን። አላህ ሁልጊዜም ያለ፣ ሁሉን ቻይ፣ ፈቃዱም የማይለወጥ ከሆነ ዓለምን የፈጠረው ለምን በዚያ ጊዜ ሆነ? ለምን ከዚያ ቀደም ብሎ አልሆነም? ልጁ አፉን ሳይዘጋ ሦስታችን በአንድ ጊዜ መለስንለት። አንዱ የቁርኣን አያ ቀራ፤ አንዱ ስለ ቢግ ባንግ አወራ፤ አንዱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ራሱ አደብ ማጣት ነው አለ። ልጁ አዳምጦን እሺ ብሎ ተኛ። ዝምታውን እንደ ድል ቆጠርነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ግን ከላይኛው አልጋ አንድ ድምፅ መጣ፤ ለመሆኑ ጥያቄው ምን ነበር? የመለሰ የለም። መልስ ሁላችንም ነበረን፤ ጥያቄውን ግን ማናችንም አልሰማነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ እኛ ዘንድ ጥያቄ ይዞ አልመጣም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨን።

ያ ጥያቄ ከ900 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። ቁጭ ብሎ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከጠያቂዎቹ በተሻለ አስተካክሎ ከጻፈው በኋላ መልስ የፈለገለት ሰው ደግሞ ፈላስፋ አልነበረም፤ የፊቅህ ሰው ነበር። እኚህ ሰው ኢማም አቡ ሓሚድ ሙሐመድ ኢብኑ ሙሐመድ አል-ገዛሊ ናቸው፤ ረሒመሁላህ። ብዙዎቻችን ስማቸውን ከመድረሳ ጀምሮ የምናውቀው በኢሕያኡ ዑሉሚዲን ነው። ከዒባዳና ከልብ ጽዳት ጋር እንጂ ከፍልስፍና ጋር አያይዘናቸው አናውቅም።

የተወለዱት በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1058) በኹራሳን ምድር፣ ጡስ በሚባል አካባቢ ነው፤ ዛሬ ኢራን ውስጥ መሽሀድ ከሚባለው ከተማ አጠገብ። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። ገዛሊ የሚለው ስም ከዚህ ሙያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከመንደር ስም ነው የሚሉም አሉ። አባትየው ያልተማሩ ቢሆኑም ከዑለማኦች ሥር አይጠፉም ነበር። ፉቀሃዎች ሲያስተምሩ ሲሰሙ አልቅሰው ፈቂህ ልጅ እንዲሰጣቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዳዒዎች ዘንድ ሲቀመጡ ደግሞ ዳዒ ልጅ ይለምናሉ። ሁለቱንም አላህ ሰጣቸው። ሙሐመድ ፈቂህ ሆኑ፤ ታናሽየው አሕመድ በምክር ንግግራቸው የታወቁ ሆኑ። አባትየው ግን ይህን ለማየት ዕድሜ አላገኙም።

ከመሞታቸው በፊት ሁለቱን ልጆች ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጥተው ነበር። ሰውየው አደራቸውን ጠበቁ፣ ገንዘቡ ግን አለቀ። እሳቸውም ድሃ ስለነበሩ ልጆቹን ጠርተው ምግብና መጠለያ ወደሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከሯቸው። እንግዲህ ከዓለም ታላላቅ ዓሊሞች አንዱ ወደ ዒልም የገቡት፣ በዛሬው ቋንቋችን፣ ካፌ ተጠቃሚ ለመሆን ነው። ኢማሙ ራሳቸው ይህን አልደበቁም። ዒልምን የፈለጉት ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዒልሙ ራሱ ግን ከአላህ ውጭ ለማንም መሆንን እንቢ እንዳላቸው በኋላ ይናገሩ ነበር። ከመካከላችን ዲፓርትመንት የመረጠው ሥራ የሚገኝበት የትኛው ነው ብሎ ብቻ የሆነ ካለ፣ ብቻውን አይደለም።

በጡስ ፊቅህ ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ ጁርጃን ሄደው ተማሩ። ከጁርጃን ሲመለሱ የደረሰባቸውን እያንዳንዱ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። መንገድ ላይ ሽፍቶች ተሳፋሪውን ሁሉ ዘረፉ። ወጣቱ ገዛሊ ሽፍቶቹን ተከተሉ። አለቃቸው ተመለስ፣ ያለዚያ ትሞታለህ ቢላቸውም አልተመለሱም፤ ለእናንተ የማይጠቅም አንድ ከረጢት ብቻ መልሱልኝ አሉት። ምን አለበት ሲላቸው ከአገር ወጥቼ፣ ደክሜ፣ እየሰማሁ የጻፍኩት ዒልም ነው አሉ። ሽፍታው ሳቀ። እኛ ስለወሰድንብህ ዒልም የለሽ ሆነህ የምትቀር ከሆነማ ያን ነገር እንዴት አውቄዋለሁ ትላለህ ብሎ ከረጢቱን አስመለሰላቸው። ኢማሙ ይህን ንግግር አላህ በሽፍታው አንደበት የላከላቸው ምክር አድርገው ወሰዱት። ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወሻቸውን በቃላቸው ያዙ። እኛ ዘንድ ከረጢቱ ፍላሽ ዲስክ ሆኗል። በፈተና ሳምንት ፍላሹ ቫይረስ በልቶት አራት ወር የተማረውን ያጣ ወንድም አይተናል፤ ሽፍታ እንኳ አላስፈለገውም።

ቀጥለው ወደ ነይሳቡር ሄዱ፤ በዘመኑ ታላቅ ከነበሩት ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ፊቅህን፣ ኡሱሉል ፊቅህን፣ ዒልመል ከላምንና ክርክርን ተማሩ። ተማሪ ሳሉ በኡሱል ላይ አንድ ኪታብ ጻፉ። ለሸይኻቸው ሲያሳዩዋቸው ጁወይኒ፣ በሕይወት እያለሁ ቀበርከኝ፣ እስክሞት እንኳ አትታገስም ነበር ወይ አሏቸው ይባላል። ምርቃት ይሁን ቅሬታ፣ ወይም ሁለቱም፣ አንባቢ ይፍረድ።

ጁወይኒ በ478 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ 1085) ሲሞቱ ገዛሊ የሰልጁቆች ታላቅ ሚኒስትር ወደነበሩት ወደ ኒዛሙል ሙልክ ሰፈር ሄዱ። እዚያ ዑለማኦች ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ። ገዛሊ ተከራክረው ረቱ፣ ስማቸውም ወጣ። በ484 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ 1091) ኒዛሙል ሙልክ ባግዳድ በሚገኘው በኒዛሚያ መድረሳ ላይ በዋና ሙደሪስነት ሾሟቸው። ዕድሜያቸው ገና 33 ገደማ ነበር። ባግዳድ ሲገቡ ልብሳቸውና የተቀመጡባት እንስሳ 500 ዲናር ተገመተ ይላሉ። ፊታቸው የሚቀመጡ ደረሳዎች ደግሞ 300 ነበሩ።

የእኛ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በሙያቸው ጫፍ ደርሰዋል። የሚቀራቸው ሹመት የለም፣ የሚፈሩት ተከራካሪም የለም። አንድ ነገር ግን ያሳስባቸዋል። በዘመኑ ብልህ የሚባሉ አንዳንድ ሰዎች የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንን፣ የአሪስቶትልን ስም እየጠሩ ሶላትን ንቀው ይተዋሉ። የከላም ዑለማኦች ደግሞ ፈላስፋዎችን እንመልሳለን ብለው የሚጽፉት ተቆራርጦ የተወሰደና የተምታታ ነገር ነው፤ ተራ ሰው እንኳ አይታለልበትም። ኢማሙ እንደጻፉት አንድን መንገድ ሳይረዱት መመለስ በጨለማ ውስጥ እንደመወርወር ነው። የአንድ ዒልም ስህተት የሚታወቀው በዚያ ዒልም ውስጥ ካሉት ከሁሉ አዋቂ ከሆነው እኩል ሲደርሱ፣ ከዚያም ሲያልፉት ነው። ይህን ሳነብ ያ የዶርም ምሽት ትዝ ያላለው ከመካከላችን የለም።

ታዲያ ማን ያስተምራቸው? ፍልስፍና የሐኪሞችና የኮከብ ቆጣሪዎች ሰፈር ነበር፤ የመድረሳ ሰው የሚገባበት ደጅ አልነበረም። የኒዛሚያው ዋና ሙደሪስ ደግሞ ሄደው ከአንድ ሐኪም እግር ሥር ቢቀመጡ ከተማው ምን ይላል? ስለዚህ መጽሐፍቱን አስመጥተው ብቻቸውን ያዟቸው። 300 ደረሳ እያስተማሩ፣ የሸሪዓ ኪታቦች እየጻፉ፣ በሚተርፋቸው ስርቆሽ ሰዓት ኢብኑ ሲናንና ፋራቢን ያነባሉ። ያለ ኡስታዝ፣ በሙጣለዓ ብቻ፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የፍልስፍናን መጨረሻ ማየታቸውን ራሳቸው ጽፈዋል። ዛሬ ያሉ አጥኚዎች ንባቡን ባግዳድ ከመግባታቸው በፊት ሳይጀምሩት አልቀሩም ይላሉ። ይሁን። እኛን የገረመን ሁለት ዓመቱ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንብበው ከጨረሱ በኋላ ምንም ሳይጽፉ አንድ ዓመት ያህል ያነበቡትን እያገላበጡ፣ እየደጋገሙ፣ ጓዳ ጎድጓዳውን እየፈተሹ ቆዩ። እኛ አሳይመንት ከማስረከቢያው ሰዓት አንድ ሰዓት በፊት ጀምረን የምንጨርስ ሰዎች ይህን ስናነብ ዝም አልን።

ከዚያም የጻፉት የመጀመሪያው መጽሐፍ መልስ አልነበረም። መቃሲድ አል-ፈላሲፋ፣ ማለትም የፈላስፋዎች ዓላማ፣ የሚለው ኪታብ ተቃዋሚዎቻቸው የሚሉትን ያለ ነቀፌታ፣ በንጹህ ቋንቋ የሚያቀርብ ነው። መሠረቱ ኢብኑ ሲና በፋርስኛ የጻፈው ዳኒሽናማ ነው። በመግቢያው ላይ ይህ የእኔ እምነት አይደለም፣ መልሱ በሌላ ኪታብ ይመጣል የሚል ማሳሰቢያ አስቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ፣ ቶሌዶ ከተማ፣ ዶሚኒኩስ ጉንዲሳሊኑስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ይህን መጽሐፍ ወደ ላቲን አስተረጎመ። በአውሮፓ በተሠራጩት በአብዛኞቹ ቅጂዎች ላይ ግን ያቺ መግቢያ አልነበረችም። በዚህ ምክንያት እነ ታላቁ አልበርትና ቶማስ አኩዊናስ አልጋዜል የሚሉትን ሰው የኢብኑ ሲና ታማኝ ተከታይ አድርገው አወቁት። የፈላስፋዎች ብርቱ ተቃዋሚ አውሮፓ ውስጥ ፈላስፋ ሆነው ኖሩ። አንድ ውጭ ሰው የሌላውን ሐሳብ ምን ያህል በታማኝነት እንዳቀረበ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? (መግቢያ ሳያነቡ ወደ ምዕራፍ አንድ መዝለልም በእኛ እንዳልተጀመረ አወቅን።)

መልሱ ተሃፉት አል-ፈላሲፋ ነው፤ በ488 ዓ.ሂ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ በጥር 1095 ተጠናቀቀ። በ20 ጉዳዮች ላይ ፈላስፋዎቹን ይሞግታል። በ17ቱ ቢድዓ ላይ ናቸው አሉ። በሦስቱ ግን ከእስልምና መውጣታቸውን ፈረዱ፤ ዓለም መጀመሪያ የለውም በማለታቸው፣ አላህ የሚያውቀው ጥቅሉን እንጂ ዝርዝሩን አይደለም በማለታቸው፣ አካል ከሞት አይቀሰቀስም በማለታቸው።

የመጀመሪያው ጉዳይ የዶርማችን ጥያቄ ነው። ኢማሙ ቀድመው የፈላስፋዎቹን ክርክር ዘርዝረው፣ አጠንክረው ጻፉት። ጊዜያቱ ሁሉ እኩል ከሆኑ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ምንም ነገር የለም፤ ስለዚህ ዓለም ሁልጊዜም ነበረ ይላሉ። ከዚያ መልሳቸው መጣ። ፈቃድ የሚባለው ነገር ሥራው እኩል ከሆኑ ነገሮች አንዱን መለየት ነው። አንድ ቴምር የተመኘ ሰው ፊት ሁለት በሁሉም ነገር የተመሳሰሉ ቴምሮች ቢቀርቡለትና ሁለቱን ባንዴ ማንሳት ባይችል፣ ምክንያት አጥቼ ነው ብሎ ዝም ብሎ አያያቸውም፤ አንዷን ያነሳል። ቀጥለው ጥያቄውን በጠያቂዎቹ ላይ አዞሩት። እናንተ ሰማይ ክብ ኳስ ነው፣ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት ነው ትላላችሁ፤ ታዲያ የሚሽከረከርባቸው ሁለቱ ዋልታዎች ከሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ በምን ተመረጡ? ሽክርክሪቱስ ለምን ወደዚህ ሆነ እንጂ ወደዚያ አልሆነም?

ይህን የዋልታ ጥያቄ በሂሳብና በሥነ ፈለክ ለታወቀው ለዑመር ኸያም በአካል አቅርበውለት ነበር የሚል ትረካ አለ። ኸያም ከሩቅ ጀምሮ፣ እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ እያብራራ፣ ወደ ጥያቄው ሳይደርስ የዙህር አዛን ወጣ። ገዛሊም እውነት መጣ ሐሰትም ጠፋ የሚለውን ትርጉም ያዘለውን አያ ጠቅሰው ተነሡ ይባላል። ዙህር ደርሶበት ያልተቋረጠ ሌክቸር እኛ ዘንድ ብዙ ነው።

እሳትና ጥጥ የሚለው ክርክራቸውም በዚሁ ኪታብ 17ኛ ጉዳይ ላይ ይገኛል። እሳት ጥጥ ሲነካ ጥጡ ሲቃጠል እናያለን፤ ያየነው ግን አንዱ ከሌላው ጋር መከተሉን እንጂ አንዱ ሌላውን በግድ ማስገኘቱን አይደለም፤ አድራጊው አላህ ነው ይላሉ። ይህን ስናነብ በቴርሞዳይናሚክስ የደከምነው ሁሉ ከንቱ ነው ወይ ብሎ የደነገጠ አለ። ኢማሙ ግን የዓለምን ልማድ አልካዱም። መጽሐፉን ቤቱ ትቶ የወጣ ሰው ሲመለስ መጽሐፉ ፈረስ ሆኖ ይጠብቀኛል ብሎ እንዲጠራጠር አይፈልጉም፤ አላህ ነገሮችን በጸና ልማድ ያስኬዳል፣ በዚያ ልማድ ላይ የሚመሠረት ዕውቀትም በልባችን ፈጥሯል ይላሉ። ለላብ ሪፖርት ይበቃል።

ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ልጆች ከሁሉ የሚበልጠው ስለ ሂሳብ የጻፉት ነው። ከሂሳብ ሁለት ጉዳት ይመጣል ይላሉ። አንደኛው፣ ተማሪው የሂሳብን ጥራት አይቶ የሂሳብ ሰዎች የሚሉት ሁሉ፣ በዲን ጉዳይ ያላቸው አስተያየት እንኳ፣ እንደ ሂሳባቸው የጠራ ይመስለዋል። ሁለተኛው የሚመጣው ከአላዋቂ የእስልምና ወዳጅ ነው። ይህ ሰው ዲንን የረዳ መስሎት ፈላስፋዎች የሚሉትን ሁሉ፣ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ ስሌት ሳይቀር፣ ሐሰት ነው ይላል። ስሌቱን በማስረጃ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ስሌቱን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው እስልምናን ነው። በሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ በኩል ያለፈውን የፀሐይ ግርዶሽ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዓቱና መንገዱ ቀድሞ ተሰልቶ ይታወቅ ነበር፤ የግርዶሽ ሶላት ሱናነትም ባለበት ነው። ሁለቱ አልተጋጩም፤ ኢማሙም ያሉት ይህንኑ ነበር።

ከፍልስፍና ሰፈር የሚጠቅመውን ይዘው ከመመለስም አላፈሩም። መንጢቅን፣ ማለትም ሎጂክን፣ በፊቅህ ምሳሌዎች እየሞሉ ለመድረሳ ሰዎች አቀረቡት። አል-ቂስጣስ አል-ሙስተቂም በሚለው ኪታባቸው የሎጂክን ሚዛኖች ከቁርኣን አወጡ። ጨረቃ ጠላቂ ነች፤ ጌታ ጠላቂ አይደለም፤ ስለዚህ ጨረቃ ጌታ አይደለችም። ነቢዩላህ ኢብራሂም ዐለይሂ ሰላም ያቀረቡት ማስረጃ እኛ በክፍል ሲሎጂዝም ብለን የተሸመደድነው ቅርጽ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቀድመን አውቀን ቢሆን ውጤታችን ከዚያ ይሻል ነበር።

ሁሉም ዑለማኦች በዚህ አልተስማሙም። እነ ኢብኑ ሰላሕና ኢብኑ ተይሚያ መንጢቅን ወደ ሸሪዓ ዒልም ማስገባታቸውን አጥብቀው ነቅፈዋል። ተማሪያቸው የነበሩት የአንደሉሱ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ ደግሞ ሸይኻችን ፈላስፋዎችን ዋጧቸው፣ ሊተፏቸው ፈልገው ግን አቃታቸው ብለዋል። በአክብሮት የተነገረ ቀልድ ነው፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። የኮርዶባው ኢብኑ ሩሽድ በበኩሉ ተሃፉት አት-ተሃፉት ብሎ መልስ ጻፈባቸው። ይህን ያወቅነው እንዴት መሰላችሁ? ሁለቱን ቴምሮች ይዘን፣ በኩራት፣ ወደዚያ የዶርም ልጅ ተመልሰን ሄድን። አዳመጠንና፣ ኢብኑ ሩሽድ ሰውየው የመረጠው መብላትን ካለመብላት እንጂ አንዷን ቴምር ከሌላዋ አይደለም ማለቱን አንብባችኋል ወይ አለን። አላነበብንም ነበር። ግን በዚያ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት አብረን ተቀመጥን።

ወደ ኢማሙ እንመለስ። ተሃፉት በተጠናቀቀ በወራት ውስጥ ሁሉ ነገር ተናጋ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ኒዛሙል ሙልክ ተገድለዋል፣ ሱልጣኑም ሞተዋል። ኢማሙ ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ። የማስተምረው ለአኼራ የማይጠቅም ነው፣ ኒያዬም ለአላህ የጠራ አይደለም፣ የሚያንቀሳቅሰኝ ዝናና ሹመት ነው አሉ። አንድ ቀን ባግዳድን ልተው ብለው ይቆርጣሉ፣ በማግስቱ ሐሳባቸው ይፈርሳል። ከ488 ዓ.ሂ ረጀብ ጀምሮ ስድስት ወር ያህል እንዲህ ሲንገላቱ ቆዩ። በመጨረሻ አላህ ምላሳቸውን ቆለፈው። ደረሳዎቹን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ላስተምር ቢሉ ቃል አልወጣ አለ። ሐዘኑ ወደ ሰውነታቸው ገባ፤ ምግብ አልወርድ፣ ውሃ አልዋጥ አለ። ሐኪሞቹ ይህ ከልብ የመጣ ነው፣ ልብ ካልተረጋጋ መድኃኒት የለውም ብለው ተስፋ ቆረጡ። ከሁሉ በላይ ተከራክሮ የሚረታው አንደበት ነው የተዘጋው።

ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው፣ በልባቸው ሻምን አስበው፣ ለቤተሰባቸው ከሚበቃው በቀር ሀብታቸውን አከፋፍለው በ488 ዙልቀዕዳ (እ.ኤ.አ ኅዳር 1095) ወጡ። ወንበሩን ወንድማቸው አሕመድ ያዙላቸው። በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ እየዘጉ ቀኑን ይውሉ ነበር። ከዚያ ወደ በይተል መቅዲስ፣ ከዚያ ወደ ኸሊል። በነቢዩላህ ኢብራሂም ከተማ ዳግም ከሱልጣን ደጅ ላይቆሙ፣ የሱልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ በክርክር መድረክ ላይ ላይቀመጡ ቃል ገቡ። ሐጅ አደረጉ። ኢሕያእን የጻፉት በነዚህ ዓመታት ነው። (ኢሕያን የሚያነብ ወንድም ወይም እህት የሐዲሶቹን ደረጃ ያጣሩበትን የአል-ዒራቂን ሥራ አብሮ ይያዝ፤ ደካማ ሐዲሶች አሉበትና።) በኋላ ባግዳድን ሲያልፉ ልብሳቸው 15 ቂራጥ ተገመተ ይላሉ። 500 ዲናሩን ያስታውሷል። አንደሉስ ውስጥ ደግሞ እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ በ503 ዓ.ሂ፣ ኢሕያእ በሙራቢጦች ገዢ ትእዛዝ ኮርዶባ ላይ ተቃጠለ።

ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ መድረሳና የሱፊዎች ማረፊያ አቆሙ። በ499 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ 1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ አጥብቀው ስለጠየቋቸው ወደ ነይሳቡር ሄደው እንደገና አስተማሩ። የሕይወታቸውን ጉዞ የጻፉበት አል-ሙንቂዝ ሚነ አድ-ደላል የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። በቅርብ የሚያውቋቸው ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ እንደጻፉት ድሮ የነበረባቸው የኩራት ጠባይ ጠፍቶ ነበር። እንዲያውም በነህው ይሳሳታሉ የሚል ትችት ሲመጣባቸው አልተከራከሩም፤ ያን ዒልም ጠልቄ አልተማርኩትም ብለው አመኑ፣ ስህተት ያገኘ እንዲያርም ፈቀዱ። አጅሩሚያ ላይ ሦስት ዓመት የቆምን ሰዎች ይህን ስናነብ እፎይ ብለናል።

በመጨረሻ ዘመናቸው እንደገና ተማሪ ሆኑ። በሐዲስ ዒልም ስንቃቸው ትንሽ እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ ነበርና ከሐዲስ ሰዎች ጋር እየተቀመጡ ቡኻሪንና ሙስሊምን ይቀሩ ጀመር። በዚሁ ላይ እያሉ ሰኞ ዕለት፣ ጁማደል ኣኺራ 14 ቀን 505 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 18 ቀን 1111) ጎህ ሲቀድ ውዱእ አደረጉ፣ ሰገዱ። ወንድማቸው አሕመድ እንደተናገሩት ከፈናቸውን አስመጥተው ሳሙት፣ ዓይናቸው ላይም አደረጉት፤ ወደ ንጉሡ ለመግባት ሰምቻለሁ ታዝዣለሁ ብለው እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ። ቀኑ ሳይነጋ ወደ አኼራ ሄዱ። የተቀበሩት በተወለዱባት በጡስ፣ ጣበራን በምትባለው ክፍል ነው። አላህ ይዘንላቸው።